ሁለት በራሪ ወረቀቶች ከአንድ ዕጩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚህ አሜሪካ ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በሚለዩበት ሰሞን፣ ሁለት ጎረቤቶቼ ቡና ሊጠጡ እኔ ቤት መጡ። አንደኛው ሰለሞን ይባላል፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ረቡዕንና ዓርብን ሳያጓድል የሚጾም የተዋሕዶ ሰው ነው። ሁለተኛው ሰዒድ ነው፤ የደሴ ልጅ፣ ከእኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ የሚኖር። ሁለቱም ሲገቡ ከፖስታ ሳጥናቸው ያወጡትን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት። የአንድ ዕጩ በራሪ ወረቀት ነው። ቀለሙ አንድ፣ ፎቶግራፉ አንድ፣ የመጣበት ሳምንት አንድ። የተጻፈበት ነገር ግን ለየቅል ነው። የሰለሞን ወረቀት፣ ዕጩው የአይሁድ ጥላቻን እንደሚዋጋ፣ ተፎካካሪው ግን እስራኤልን ለመደገፍ እንደሚያመነታ ይናገራል። የሰዒድ ወረቀት ደግሞ ያው ሰው በጋዛ ለሚያልቁት ሰዎች ድምፁን እንዳሰማ፣ ተፎካካሪው ግን አፉን ዘግቶ እንደተቀመጠ ይናገራል።

መጀመሪያ ሳቅን። ሰለሞን አይሁዳዊ ተብሎ የተመደበው በስሙ ነው። የዘመቻ ሠራተኞች የመራጮችን ስም ዝርዝር ይገዛሉ፤ ኮምፒውተሩ ስም እያየ ይህ ካቶሊክ ነው፣ ይህ ሙስሊም ነው፣ ይህ አይሁዳዊ ነው እያለ ይገምታል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ዳዊት፣ ይስሐቅ፣ ሩት፣ ራሔል፣ እስራኤል የማይባል ማን አለ? ሰለሞን በየመስከረሙ ለአይሁድ አዲስ ዓመት «እንኳን አደረሰህ» የሚል ፖስታ ካርድ ይደርሰዋል። «እንቁጣጣሽን የሚያስታውስልኝ አንድም ፖለቲከኛ የለም፤ የሰው አዲስ ዓመት ግን ሳያስታውሱኝ አልፈው አያውቁም» ይላል።

ሳቁ ሲበርድ ሰዒድ አንድ ነገር ተናገረ፤ እስካሁን አልረሳሁትም። «እኔና አንተ ቡና ባንጠጣ ኖሮ እኮ እያንዳንዳችን ይህ ሰው የእኛ ነው ብለን እንመርጠው ነበር።»

ይህ በአንድ ሰፈር ብቻ የሚፈጸም ተንኮል አይደለም። በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምናገረው) ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ «ፊውቸር ኮሊሽን» የተባለ የዘመቻ ድርጅት፣ ሚሺገን ውስጥ ሙስሊሞች በሚበዙበት አካባቢ የዴሞክራቶቹን ዕጩ ካማላ ሐሪስን የእስራኤል ወዳጅ አድርጎ የሚያሳይ፣ የባለቤቷንም አይሁዳዊነት ነቅሶ የሚያነሳ ማስታወቂያ አሠራጨ። በዚያው ሰሞን ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ለአይሁድ መራጮች ያቀረበው ደግሞ ሐሪስ ለፍልስጤማውያን ታደላለች የሚል ነበር። አንዲት ሴት፣ ሁለት ጥፋት፤ ጥፋቱም የሚመረጠው እንደ አድማጩ ሃይማኖት ነው።

በዚህ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ታክሲ ነድቻለሁ፣ የሰው መኪና አቁሜያለሁ፣ ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ደግሞ ለተለያዩ ዕጩዎች በር እያንኳኳሁ ቀስቅሻለሁ። ሃይማኖት በየትኛው ምርጫ ይበልጥ እንደሚመዘዝ ብትጠይቁኝ፣ በኅዳሩ ጠቅላላ ምርጫ ሳይሆን ከዚያ በፊት በሚመጣው በፓርቲው የውስጥ ምርጫ፣ በፕራይመሪው ነው እላችኋለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በኅዳር አንዱ ዴሞክራት፣ ሌላው ሪፐብሊካን ስለሆነ አብዛኛው ሰው የፓርቲውን ስም አይቶ ይመርጣል። በፕራይመሪ ግን ሁሉም ዕጩዎች ከአንድ ቤት ናቸው። በግብሩም፣ በሕክምናውም፣ በትምህርት ቤቱም ከሞላ ጎደል ይስማማሉ። ታዲያ አንዱን ከሌላው በምን ትለዩታላችሁ? የዚያን ጊዜ ዘር፣ መልክ፣ ሃይማኖት፣ «የእኛ ሰው» የሚባለው ነገር ሁሉ ብቅ ይላል።

በዚያ ላይ የሚመርጠው ሰው ጥቂት ነው። በ2025 ቨርጂኒያ ውስጥ ጋዛላ ሐሽሚ የዴሞክራቶች የምክትል አገረ ገዥ ዕጩ የሆነችው ከ28 ከመቶ ባነሰ ድምፅ ነው፤ ቀጣዩን ተፎካካሪ የቀደመችው ከአንድ ከመቶ በጠበበ ልዩነት ነበር። በኅዳር አሸንፋ በዚያች ግዛት ለእንዲህ ያለ ሥልጣን የበቃች የመጀመሪያዋ ሙስሊም ሆነች። አሌክሳንድሪያና አካባቢዋ ያላችሁ አስቡት፤ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ መስጊድ የሚሰበሰበው ሕዝብ እንዲህ ላለ ውድድር ትንሽ አይደለም። ዕጩዎች በፋሲካ ሰሞን ነጠላ አጣፍተው፣ በረመዳን ደግሞ ለአፍጥር ተምር ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው። ይምጡ፤ እንግዳ መቀበል ባህላችን ነው። እኔ የምፈራው ስለ ራሳቸው የሚነግሩንን ሳይሆን ስለ ሌላው በጆሯችን የሚያንሾካሹኩትን ነው።

አንድ አብነት ልጥቀስ። ዌስት ቨርጂኒያ ተራራማ፣ የድንጋይ ከሰል የሚወጣባት ድሃ ግዛት ናት። በ1960 ጆን ኬኔዲ በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ሒዩበርት ሐምፍሪን ሊፎካከር እዚያ ሲሄድ፣ እሱ ካቶሊክ ሆኖ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ፕሮቴስታንት ነበር። ከዚያ በፊት በ1928 አል ስሚዝ የተባለ ካቶሊክ ለፕሬዚዳንትነት ቀርቦ፣ የሮሙ ጳጳስ ዋሽንግተንን ሊገዛ ነው ተብሎ ብዙ ተወርቶበት፣ በሰፊ ልዩነት ተሸንፏል። ኬኔዲ ግን ነገሩን አልሸሸውም። ባሕር ኃይል ሲገባ ካቶሊክ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀው እንዳልነበረ ፊት ለፊት ነገራቸው። ሜይ 10 ቀን 1960 ከመቶ ስልሳ ያህሉን ድምፅ ወስዶ አሸነፈ። የአባቱ ገንዘብም አላገዘውም ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም የማዕድን ሠራተኛው እምነቱን ሰምቶ መረጠው።

ከሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በዚያችው ግዛት፣ በዚያው ቀን፣ ሜይ 10 ቀን 2016 ሌላ ፕራይመሪ ነበር። በርኒ ሳንደርስ በዚያ ዓመት ኒው ሐምፕሻየርን ሲያሸንፍ፣ በትልቅ ፓርቲ ፕሬዚዳንታዊ ፕራይመሪ ያሸነፈ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ሆኗል። ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው የዴሞክራቲክ ፓርቲው የፋይናንስ ኃላፊ ለሥራ ባልደረቦቹ ኢሜይል ጻፈ። ስም አልጠራም፤ ስለማን እንደሆነ ግን ለማንም ግልጽ ነበር። ለኬንታኪና ለዌስት ቨርጂኒያ ሲባል አንድ ሰው በእግዚአብሔር ያምን እንደሆነ ይጠይቀው አለ። ሰውየው አይሁዳዊ ትውልድ አለኝ በማለት ብቻ እንዳለፈ፣ ጸሐፊው ግን ሰውየው እግዚአብሔር የለም ባይ መሆኑን ያነበበ እንደሚመስለው፣ የደቡብ ባፕቲስት ወገኖቹም በአይሁዳዊና በከሃዲ መካከል ትልቅ ልዩነት እንደሚያዩ ጨመረበት። ይህን የጻፈው ለማንም ማዳላት የማይገባው የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ባለሥልጣን ነው። ኢሜይሉ በሐምሌ ወር ከሌሎች ብዙ ሺህ ደብዳቤዎች ጋር ተዘርግፎ ወጣ፤ ጸሐፊው ይቅርታ ጠየቀ፤ ራሷ አይሁዳዊት የሆነችው የፓርቲው ሊቀ መንበርም ከሥልጣኗ ለቀቀች። ሐሳቡ በተግባር አልዋለም፤ ሳንደርስም ዌስት ቨርጂኒያን አሸነፈ።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ የማነሳው የናዚ ባንዲራ ስለሌለበት ነው። የናዚ ባንዲራማ ሕፃንም ይለየዋል። በ2020 ፊኒክስ ከተማ ሳንደርስ ንግግር ሲያደርግ አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ባንዲራ ዘርግቶ ነበር፤ ሕዝቡ ወዲያው ጮኸበት፣ ከአዳራሹም ወጣ። የኢሜይሉ ጸሐፊ ግን የአይሁድ ጠላት ላይሆን ይችላል። ምናልባት አይሁድ ጓደኞችም ይኖሩት ይሆናል። እሱ የፈለገው የሌላውን ሰው ጥላቻ መጠቀም ብቻ ነው። ጥላቻው የባፕቲስቶቹ፣ ጥቅሙ የእሱ። እንዲህ ያለው ሰው ነው ወደ እኛም አዳራሽ የሚመጣው፤ ክብሪቱን ይዞ ይመጣና የእኛን ጭድ ይፈልጋል።

በ2015 ደግሞ አንዲት ታዋቂ የራዲዮ ጋዜጠኛ ሳንደርስን የእስራኤል ዜግነትም አለህ ብላ በቀጥታ ስርጭት ተናገረችው። እሱ አሜሪካዊ ብቻ መሆኑን መለሰላት፤ እሷም ከማኅበራዊ መገናኛ የቃረመችው ወሬ መሆኑን አምና ይቅርታ ጠየቀች። እኔ ከዚህ አንድ መለኪያ ወስጃለሁ፤ ይህ ጥያቄ ለሌሎቹ ዕጩዎችም ይቀርባል ወይስ ለእሱ ብቻ ነው? ሒላሪ ክሊንተንን የሌላ አገር ዜግነት አለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። በቁርጥም፣ በሽሮም ላይ ስለ አንድ ዕጩ ሃይማኖት ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህን መለኪያ አውጡት።

መለኪያው በሌላ በኩልም ይሠራል። በ2025 የኒው ዮርክ ከንቲባነት ፕራይመሪ ላይ፣ ካምፓላ የተወለደው ሙስሊሙ ዞህራን ማምዳኒ ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ቀርቦ ነበር። በክርክሩ ከንቲባ ስትሆኑ መጀመሪያ የምትጎበኙት የውጭ አገር የትኛው ነው ተብሎ ሁሉም ተጠየቁ፤ አንዳንዶቹ እስራኤልን ጠሩ፤ እሱ እዚሁ ኒው ዮርክ እቆያለሁ አለ። ጥያቄው ለሁሉም ስለቀረበ አልከፋም። ከዚያ ቀጥሎ ስለ እስራኤል ሕልውና ለብቻው ሲፋጠጥ ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። የተፎካካሪው ደጋፊ የሆነ ድርጅት ደግሞ ጢሙን አጥቁሮና አስረዝሞ የሚያሳይ በራሪ ወረቀት አዘጋጅቶ ተይዟል፤ ይህማ ክርክር አይደለም። በአንጻሩ «ኢንቲፋዳን (የፍልስጤማውያንን አመፅ) ዓለም አቀፍ ማድረግ» የሚለውን መፈክር ለማውገዝ ማመንታቱ ብዙ አይሁድ ኒው ዮርካውያንን አስፈርቷቸዋል። ፍርሃታቸውን እንደ ማስመሰል የሚቆጥር ሰው ምኩራባቸው በር ላይ ለምን ዘበኛ እንደሚቆም አልጠየቀም። ያም ሆኖ አይሁዳዊው ተወዳዳሪ ብራድ ላንደርና ማምዳኒ በደረጃ በሚመረጥበት የድምፅ ወረቀት እኔን አንደኛ፣ እሱን ሁለተኛ አድርጉ ተባብለው በየአደባባዩ አብረው ቀሰቀሱ። እንዲህ ያለውን ነገር በፖለቲካ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ስለ ገንዘብ ደግሞ እንነጋገር፤ በእኛ ዘንድ ወሬው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በ2024 ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን ባለው የምርጫ ክልል የኮንግረስ አባሉ ጀማል ቦውማን በጆርጅ ላቲመር ሲሸነፍ፣ አይፓክ ከተባለው የእስራኤል ደጋፊዎች ድርጅት ጋር የተያያዘው የዘመቻ ቋት ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ይህ በሕግ የሚመዘገብ፣ ማንም ሰው ሊያየው የሚችል አኃዝ ነው። አኃዙን መጥቀስም፣ በገንዘቡ ብዛት መናደድም ፀረ አይሁድ አያሰኝም። «አይሁድ ምርጫውን ገዙት» ስትሉ ግን ድርጅቱን ትታችሁ ሕዝቡን ከሰሳችሁ ማለት ነው። ሕዝቡ ደግሞ አንድ አይደለም። በ2022 ሚሺገን ውስጥ ይኸው ቋት ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ያሸነፈው አንዲ ሌቪንን ነው፤ ሌቪን አይሁዳዊ ነው፣ የምኩራብ መሪም ነበር። በነገራችን ላይ በቦውማንና በላቲመር ውድድር ሁለቱም ምላሳቸው ስቷል። አንዱ አይሁድ ለብቻቸው ተሰብስበው ስለሚኖሩባቸው ሰፈሮች የማይገባ ነገር ተናገረ፤ ሌላው ተፎካካሪውን መራጮችህ ያሉት ዲርቦርን ሚሺገን ነው አለው። ዲርቦርን የዓረብ አሜሪካውያን ከተማ እንደሆነች የማያውቅ የለም።

የተሸነፈ አይሁዳዊ ሁሉ ደግሞ በጥላቻ ተሸነፈ ማለት አይደለም። ጆ ሊበርማን ሰንበትን አጥብቆ የሚያከብር ሰው ነበር፤ በ2000 ከአል ጎር ጋር ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲቀርብ በትልቅ ፓርቲ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ሆነ። በ2006 ኮነቲከት ውስጥ በፓርቲው ፕራይመሪ የወደቀው ግን የኢራቅን ጦርነት በመደገፉ ነው። ደግሞም በኅዳር ለብቻው ቆሞ ተመልሶ አሸነፈ።

ፕራይመሪን የሚንቅ ሰው ሲያጋጥመኝ የምነግረው የኢሊኖይን ታሪክ ነው። በ2018 በቺካጎ ደቡብ ምዕራብ ባለ የኮንግረስ ክልል ሪፐብሊካኖች አናሸንፍም ብለው ዕጩ አላቀረቡም። አርተር ጆንስ የሚባል፣ አይሁድ በናዚዎች መጨፍጨፋቸውን የሚክድ ሰው ብቻውን ተመዘገበ። ተፎካካሪ ስላልነበረው ከ20,000 በላይ ድምፅ ይዞ የፓርቲው ዕጩ ሆነ። ፓርቲው አይወክለንም ብሎ ቢያወግዘውም ስሙ ከወረቀቱ ላይ አልወጣም። በኅዳር ተሸነፈ፤ ከአራት መራጮች አንዱ ያህል ግን መርጦታል። ሁሉም ናዚ ነበሩ ብዬ አላምንም። ብዙዎቹ የፓርቲውን ስም ብቻ አይተው ምልክት ያደረጉ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ይህን ባልናገር የጀመርኩት ነገር ግማሽ ይቀራል።

እኛ ለአይሁድ ያለን ስሜት ግራ የሚያጋባ ነው። በአንድ በኩል ጽላቱ፣ ጽዮን፣ ንግሥተ ሳባ፣ ሰለሞን የሚል ታሪክ አለን፤ ስማችንም እንደነገርኳችሁ የእነሱው ነው። በሌላ በኩል ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ጨካኝ ሰው «አይሁድ» ተብሎ ሲሰደብ ሰምቻለሁ፤ በሰሙነ ሕማማትም ጌታን የሰቀሉት እነሱ ናቸው የሚለውን እየሰማሁ አድጌያለሁ። ከዚህ የባሰው ደግሞ በቤታችን የነበሩትን ቤተ እስራኤልን ያየንበት ዓይን ነው። ፈላሻ፣ ካይላ፣ ጠይብ እያልን ጠራናቸው፤ እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይሉ ነበር። ማረሻችንን የቀጠቀጡት፣ ሸክላችንን የሠሩት እነሱ ናቸው፤ እኛ ግን ቀን ቀጥቃጭ፣ ሌሊት ጅብ ናቸው አልን። ልጅ ሲታመም ቡዳ በላው ብለን ወደ አንጥረኛው መንደር አየን። ርስት መያዝ ተከልክለው በሰው መሬት ጭሰኛ ሆነው ኖሩ። አውሮፓ ውስጥ አይሁድ የክርስቲያን ልጅ ደም ይጠጣሉ ተብሎ ሲወራና ሲገደሉ፣ ጎንደር ውስጥ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ይባል ነበር። የዚያን ወሬ ፈጣሪና የዚህኛውን ማን አገናኛቸው? ማንም አላገናኛቸውም፤ እንዲያው ተመሳሰሉ።

ይህን ለአንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ስነግራቸው «እኛ ራሳችን ሴማውያን ነን፤ አማርኛ የሴም ቋንቋ ነው፤ እንዴት ፀረ ሴማዊ እንባላለን?» አሉኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው። «ፀረ ሴማዊነት» የሚለውን ቃል በ1879 ያስፋፋው ቪልሄልም ማር የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ ስለ ቋንቋ አላወራም፣ የአይሁድ ጥላቻውን ሳይንስ ለማስመሰል ነው የተጠቀመበት። ስለዚህ ግእዝ መቁጠር ከዚህ ነገር ነፃ አያወጣንም። እኔ «የአይሁድ ጥላቻ» የሚለውን ቃል የምመርጠው ለዚህ ነው።

የእኔንም ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ ለአካባቢ ምክር ቤት ለሚወዳደር ሰው ስቀሰቅስ፣ ተፎካካሪው አይሁዳዊ ነበር። በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በአማርኛ፣ «ያኛውን እንኳ ተዉት፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ» ብዬ በጥቅሻ ተናገርኩ። ሁሉም ሳቀ። ሳህን ልታነሳ የመጣችው አስተናጋጅ ግን አልሳቀችም። ሒሳብ ስከፍል ቀስ ብላ «ጋሼ፣ እናቴ አሽዶድ ነው ያለችው፤ እኛ የወለቃ ሰዎች ነን» አለችኝ። አሽዶድ የእስራኤል ከተማ ናት፤ ወለቃ ደግሞ ጎንደር አጠገብ ያለች፣ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረች ናት። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም፤ ጉርሻ በዛ አድርጌ ትቼ መውጣቴን ግን አስታውሳለሁ፤ እሱም ራሱ ያሳፍረኛል።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ጄሲ ጃክሰን በ1984 ለዴሞክራቶች ዕጩነት ሲወዳደር ከጥቁር ጋዜጠኞች ጋር ተቀምጦ፣ በመካከላችን ይቅር ባለው ጨዋታ፣ አይሁድንና ኒው ዮርክን የሚያዋርድ ቃል ተናገረ። ከጋዜጠኞቹ አንዱ ነገሩን ለጋዜጣው አቀበለ። ጃክሰን በመጀመሪያ ካደ፤ በኋላ ኒው ሐምፕሻየር ውስጥ ምኩራብ ገብቶ ይቅርታ ጠየቀ። ነገሩ እስከ ዕለተ ሞቱ ተከትሎታል። እኛ ደግሞ በአማርኛ ካወራን ማንም አይሰማንም ብለን እናስባለን። አሁን በስልክ አማርኛን በቅጽበት መተርጎም ይቻላል፤ በቴሌግራምና በቫይበር የምታስተላልፉት ድምፅም እናንተ ጋ አይቀርም።

ጥፋትን ማረም እንደሚቻል ያሳየው ኪት ኤሊሰን ነው። በተማሪነቱ ዘመን የጥቁር ሙስሊሞች መሪ የሆነውን የሉዊስ ፋራካንን እንቅስቃሴ ደግፎ ጽፎ ነበር። በ2006 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ለኮንግረስ ሲወዳደር ይህ ተመዘዘበት። አልካደም፤ ለከተማው የአይሁድ ማኅበረሰብ ምክር ቤት ደብዳቤ ጽፎ የዚያን እንቅስቃሴ ፀረ አይሁድነት በጊዜው አለመመርመሩ ስህተት እንደነበር አመነ። የከተማው የአይሁድ ጋዜጣም በፕራይመሪው ደገፈው። በኮንግረስ የመጀመሪያው ሙስሊም ሆነ፤ የሥነ ሥርዓት ቃለ መሐላውን የፈጸመውም የቶማስ ጄፈርሰን በነበረው ቁርኣን ላይ ነው።

እስራኤል ያላችሁ ወገኖቼ ይህን ሁሉ አንብባችሁ ፈገግ እንደምትሉ ይሰማኛል። እናንተ አገር የገባችሁት አይሁድ ናችሁ ተብላችሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በ1985 የራቢዎቹ ጽሕፈት ቤት አይሁድነታችሁን በጥምቀት ሥርዓት አረጋግጡ ሲል ወላጆቻችሁ ኢየሩሳሌም ውስጥ ደጃፉ ላይ አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። በ1996 የለገሳችሁት ደም በድብቅ ሲደፋ እንደኖረ ተጋለጠ፤ ያንን ሰልፍ ከመሩት አንዱ አዲሱ መሰለ በዚያው ዓመት በሌበር ፓርቲ ዝርዝር ክኔሴት ገባ። የእምነት ማረጋገጫ የሚጠየቅ ሰው ምን እንደሚሰማው ከእናንተ በላይ ለእኛ የሚያስረዳ የለም። ለንደን ያላችሁ ደግሞ ሌበር ፓርቲን አስታውሱ፤ በ2020 የእኩልነትና የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ በአይሁድ አባላት ላይ ለተፈጸመ ሕገ ወጥ ማዋከብና አድልዎ ፓርቲውን ተጠያቂ አድርጎታል።

አሁን ሥራ ላይ ወደሚውለው ነገር ልግባ። አሜሪካ ያላችሁ፣ የምትኖሩበትን ግዛት ደንብ ዕወቁ። ሜሪላንድና ኒው ዮርክ በፓርቲው አባልነት ካልተመዘገባችሁ በፕራይመሪው አያስመርጧችሁም፤ ኒው ዮርክ ፓርቲ ለመቀየር ቀነ ገደቡ በየካቲት ነው፤ ፕራይመሪው ሲደርስ ትዝ ቢላችሁ አልፏል። ቨርጂኒያና ሚኒሶታ በፓርቲ አይመዘግቡም፤ በዕለቱ የአንዱን ፓርቲ ፕራይመሪ ትመርጣላችሁ። ኮሎራዶ ፓርቲ ለሌለው ሰው የሁለቱንም ወረቀት ቤቱ ይልካል፤ አንዱን ብቻ መመለስ ነው፤ ሁለቱን ከመለሳችሁ ሁለቱም ይጣላሉ።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ልጆች ይህን በደንብ ስሙኝ። በር ማንኳኳት ትችላላችሁ፣ ለዕጩ ገንዘብ መስጠትም ትችላላችሁ። ለፌዴራል ሥልጣን በሚደረግ ምርጫ፣ ፕራይመሪም ቢሆን፣ ድምፅ መስጠት ግን ወንጀል ነው፤ ከአገር ያስባርራል። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ የሚቀርብላችሁን የመራጭነት ቅጽ ሳታነቡ አትፈርሙ። እንደ ታኮማ ፓርክ ያሉ ከተሞች ለከተማቸው ምርጫ ዜጋ ያልሆነንም ያስመርጣሉ፤ ያ ግን የከተማው ነው እንጂ ወደ ሌላው አይሻገርም።

አባቶችና ኢማሞች፣ በትህትና ነው የምናገረው፤ ከመድረክ ዕጩ አትሹሙ። ከ1954 ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነ የሃይማኖት ተቋም ዕጩ መደገፍም መቃወምም አይችልም። በ2025 የግብር መሥሪያ ቤቱ ራሱ ላላ ያለ ትርጓሜ ይዞ ፍርድ ቤት ቢቀርብም፣ እኔ ከሕጉ ይልቅ ምእመኑ ነው የሚያሳስበኝ። አባት የነገሩትን ማን ይጠይቃል? ዕጩ ሲመጣ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ይናገር፤ ተፎካካሪዎቹም ይጠሩ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ። ስለ ሰውየው አምልኮ ሳይሆን ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ቪዛ፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ጠይቁት። ስለ እስራኤልና ስለ ፍልስጤም አቋሙን መጠየቅም መብታችሁ ነው፤ አይሁዳዊውንም፣ ሙስሊሙንም፣ ፕሮቴስታንቱንም በእኩል ከጠየቃችሁ።

የሚመጣላችሁን በራሪ ወረቀት ደግሞ ቶሎ አትጣሉት። ከታች በትናንሽ ፊደል የከፈለው ማን እንደሆነ ተጽፏል፤ ዕጩው ራሱ ነው ወይስ የውጭ ቋት? ከዚያ ስሙ ከእናንተ የተለየ ጎረቤት ፈልጉ። ሰለሞን ሰዒድን፣ ሰዒድ ሰለሞንን፣ ከተቻለም አንድ ኮኸን የሚባል አይሁዳዊ ጨምሩበት።

እኛ በዚያ ቀን ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ወደ ዘመቻው ጽሕፈት ቤት ደወልን። ድምፁ ወጣት የሆነ ልጅ አነሳው። ሰዒድ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ፣ በእስራኤልና በጋዛ ጉዳይ የዕጩው አቋም ምን እንደሆነ በትህትና ጠየቀው። ልጁ ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማንና፣

«የትኛው በራሪ ወረቀት ነው የደረሳችሁ?» አለ።

«ሁለቱም» አለው ሰዒድ።

ልጁ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ አለቃውን አማክሮ መልሶ እንደሚደውልልን ነግሮን ስልኩን ዘጋ። ምርጫው አለፈ፤ ሁለቱ ወረቀቶች አሁንም ማቀዝቀዣዬ በር ላይ ጎን ለጎን ተለጥፈዋል፤ ልጁ ግን አልደወለም።